የሪሞት መኪናችሁ ሁኔታዋን እንድትነግራችሁ፦ ማይክሮኮንትሮለርና ቴሌሜትሪ አገጣጠም ከደሴ

ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ስንነዳ በዋልንበት ቀን ማታ፣ የእህቴ ልጅ ባትሪውን ከመኪናዋ ሲያወጣ “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ወፍሯል” አለኝ። ሊፖው፣ ማለትም የሊቲየም ፖሊመር ባትሪው፣ ትራስ መስሎ አብጧል። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብንም። የሞተር መቆጣጠሪያው፣ ኢኤስሲ የምንለው፣ ባትሪው ሲደክም ኃይል የሚያቋርጥበት ማስተካከያ ለኒኬል ባትሪ በሚሆነው ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኛ የምናየው መኪናዋ መሮጧን ብቻ ነው፤ ባትሪው ከሚችለው በታች ወርዶም ትሮጣለች። ከአዲስ አበባ ምትክ የሚያመጣልን ሰው እስኪገኝ ክረምቱ አለፈ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ስለዚያ ባትሪ ነው። እዚህ ደሴ የተቃጠለ ሞተርና ያበጠ ባትሪ ወራት ስለሚያስጠብቁ፣ መኪናዋ ላይ የምንገጥመው ቴሌሜትሪ፣ ማለትም በማይክሮኮንትሮለር (በኮድ በሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒውተር) የሚሠራና የለካውን በሬዲዮ የሚልክልን መለኪያ፣ ዋና ሥራው ዕቃውን ሳይሞት ማዳን ነው። ፍጥነት ማየት ደስ ይላል፤ ግን ሦስተኛ ነው። ቅደም ተከተሉ ባትሪ፣ ሙቀት፣ ከዚያ ፍጥነት ነው። አንዱ በደንብ ሠርቶ ሳታዩ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ሁሉንም ባንድ ቀን በይዶ የጨረሰ ሰው፣ ሳይሠራለት ሲቀር ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አያውቅም።

የምናገረው መንኮራኩር ስላለው መኪና ብቻ መሆኑን ያዙልኝ። የሚበር ነገር ፈቃድ የሚጠየቅበት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ አየር ማረፊያ ያለባት ከተማ ናት።

የሚያስፈልገው ዕቃ

መኪናዋ 1 ለ10 የሚባለው መጠን፣ ባለ ብሩሽ ሞተር፣ 2 ሴል ሊፖ (ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ተቀጣጥለው የተሠራ) የምትጠቀም ናት እንበል። ኢኤስፒ32 የሚባል የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ሁለት ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ መኪናዋ ላይ፣ አንዱ እጃችሁ ላይ። አርዱዊኖ ናኖ የሚባለው ቦርድ ያላችሁ ልጆች “በሱ አይሆንም ወይ?” ትሉኛላችሁ። ለመለካት ይሆናል፤ ግን ሬዲዮ የለውም፣ የሬዲዮ ሞጁል ለብቻ ልትጨምሩለት ነው። ኢኤስፒ32 ዋይፋይና ብሉቱዝ በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ ሽቦም ቦታም ይቆጥባል።

ከዚያ ሬዚስተሮች፦ ባለ 10 ኪሎ ኦም አራት፣ ባለ 33 ኪሎ ኦም አንድ፣ ባለ 4.7 ኪሎ ኦም አንድ። ካፓሲተር፦ ባለ 100 ናኖፋራድ አምስት፣ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት አንድ። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሙቀት መለኪያ፣ ኤ3144 የሚባለው የማግኔት መለኪያ፣ ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ የወጣች ትንሽ ማግኔት፣ እና አንዲት ባዘር። ሬዚስተርና ካፓሲተር ለመግዛት አትቸኩሉ። ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሰዎች ጋ የሞተ ቦርድ ሞልቷል፤ ከዚያ ነቅላችሁ፣ በቴስተር ለክታችሁ መጠቀም ይቻላል። ከቦርድ የተነቀለ ሬዚስተር ቀለሙ ደብዝዞ ሊያሳስታችሁ ስለሚችል ቀለሙን አምናችሁ አትበይዱ፤ ለኩት።

መሣሪያ መበየጃ፣ ጥሩ ሊድ፣ ፒንሳ፣ ቀጭን ካቻቢቴ፣ ናስትሮ እና ቴስተር ነው። ቴስተር የሌለው ሰው ይህን ሥራ አይጀምር።

ቦርዱን ጠረጴዛ ላይ ማስነሳት

መኪናዋን ገና አትንኩ። ኮምፒውተራችሁ ላይ የአርዱዊኖን ፕሮግራም ጫኑ፤ በውስጡ ደግሞ የኢኤስፒ32ን ጥቅል ጨምሩ። ጥቅሉ ትልቅ ነው፤ ኔትወርክ ደህና በሚሆንበት ሰዓት፣ እኔ ሌሊት ነው የማወርደው፣ አንዴ አውርዳችሁ ተገላገሉ። ቦርዱን ስትሰኩ ኮምፒውተሩ ካላወቀው መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ገመድ በየቤቱ አለ፤ ብዙ ሰው ቦርዱ ሞቷል ብሎ የሚጥለው በዚህ ነው። ገመዱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ሾፌሩ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለችው የዩኤስቢ ቺፕ ሲኤች340 ወይም ሲፒ2102 ትሆናለች፣ ስሟን አንብባችሁ ሾፌሯን ጫኑ። ኮድ ሲጫን “እየተገናኘሁ ነው” እያለ ከቆመ ቦርዱ ላይ ያለውን ቡት የሚል ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት።

አሁኑኑ የምትወስኑት ነገር የፒን፣ ማለትም ሽቦ የሚያያዝባቸው የቦርዱ እግሮች፣ ምርጫ ነው። ኢኤስፒ32 ቮልቴጅ የሚያነብባቸው ፒኖች በሁለት ቡድን የተከፈሉ ናቸው፤ ሁለተኛው ቡድን ሬዲዮው ሲበራ ማንበብ ያቆማል። ሬዲዮ ደግሞ የሥራችን ግማሽ ነው። ስለዚህ ለቮልቴጅ ከ32 እስከ 39 ካሉት ፒኖች ውጭ አትጠቀሙ። እኔ 34ን ለጠቅላላው ባትሪ፣ 35ን ለአንዱ ሴል ነው የምሰጠው። ከ6 እስከ 11 ያሉት ለራሱ ለቦርዱ ማኅደረ ትውስታ ስለሆኑ አይነኩም። 0፣ 2፣ 12 እና 15ም ቦርዱ ሲነሳ የሚያያቸው ስለሆኑ ተዋቸው።

ኃይል ከየት ይመጣል

ኢኤስሲው ለሪሲቨሩ (የሪሞቱን ምልክት ለሚቀበለው) እና ለሰርቮው (መሪውን ለሚያዞረው) የሚያወጣው 5 ቮልት አለ፤ አንዳንዱ 6 ያወጣል። ከሪሲቨሩ ባዶ ቀዳዳ ላይ ቀዩን ሽቦ ወደ ቦርዱ የ5 ቮልት ፒን፣ ጥቁሩን ወደ ግራውንድ (ወደ ኔጌቲቩ ፒን) ውሰዱ። ባለ 1000 ማይክሮፋራዱን ካፓሲተር ቦርዱ አጠገብ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በይዱት፤ ነጩ መስመር ያለበት እግር ወደ ጥቁሩ ነው። ያለሱ ሰርቮው ጎማውን በኃይል ሲያዞር ቮልቴጁ ላንዳፍታ ወርዶ ቦርዱ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሳል። እናንተ የምታዩት መሪ በዞረ ቁጥር ቁጥሩ መቋረጡን ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የዩኤስቢውን ገመድና የመኪናዋን ኃይል በአንድ ጊዜ አትሰኩ። ቦርዱ በዩኤስቢ ተሰክቶ ሳለ ቀዩ ሽቦ ከሪሲቨሩ ጋር ከተገናኘ ሰርቮው ከኮምፒውተራችሁ ኃይል ሊስብ ይሞክራል፤ የኮምፒውተሩ ቀዳዳ ሊጎዳ ይችላል። ኮድ ስትጭኑ ቀዩን ሽቦ ነቅላችሁ ጥቁሩን ተዉት። ለዚህ ብዬ ቀዩ ሽቦ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስገብቻለሁ።

ሁለተኛው ሕግ፦ ማይክሮኮንትሮለሩ በሪሲቨሩና በሰርቮው ወይም በኢኤስሲው መካከል አይግባ። የእጃችሁን ትእዛዝ በኮዳችሁ በኩል ካሳለፋችሁት ኮዳችሁ በተሳሳተ ቀን መኪናዋ ከእጃችሁ ትወጣለች። የጋዙን ምልክት ማወቅ ከፈለጋችሁ ከነጩ ሽቦ ቅርንጫፍ አውጥታችሁ አድምጡ እንጂ መንገዱን አትቁረጡ። ምልክቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ገደማ የሚመጣ ምት ነው፤ 1500 ማይክሮሴኮንድ መካከል፣ 1000 እና 2000 ሁለቱ ጫፎች። ሪሲቨራችሁ 5 ቮልት የሚያወጣ ከሆነ በሁለት ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት ታወርዱታላችሁ፤ የኢኤስፒ32 ፒን ከዚያ በላይ አይችልም።

ባትሪውን መለካት

2 ሴል ሊፖ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው። ይህን በቀጥታ ፒኑ ላይ ያደረገ ቦርዱን ገደለው። ስለዚህ እናካፍለዋለን። ከባትሪው ፖዘቲቭ 33 ኪሎ ኦም፣ ከእሱ ጫፍ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም፣ ከሁለቱ መጋጠሚያ ወደ ፒን 34። አጠቃላዩ 43፣ የምንወስደው 10፤ ስለዚህ ፒኑ የሚያየው የባትሪውን 4.3ኛ ክፍል ነው። 8.4 ለ4.3 ሲካፈል 1.95 ቮልት ይመጣል። ይህ ኢኤስፒ32 በደንብ በሚያነብበት መሐል ላይ ያርፋል፤ ከ2.5 ቮልት በላይና ወደ ዜሮ ሲጠጋ ንባቡ ይዛባል። 3 ሴል የምትጠቀሙ በ33ቱ ፈንታ 47 ኪሎ ኦም አድርጉ። ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከ10 ኪሎ ኦሙ ጎን ለጎን በይዱ፣ የሞተሩን ረብሻ ያረጋጋዋል።

ጠቅላላውን መለካት ግን አይበቃም። 7.2 ቮልት የሚል ንባብ ሁለቱም ሴሎች 3.6 ናቸው ማለት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ 3.9፣ አንዱ 3.3 ናቸው ማለትም ሊሆን ይችላል። የእኛን ባትሪ የገደለው ይሄው ይመስለኛል፤ ስለካው ከሁለቱ ሴሎች አንዱ ከጓደኛው በጣም ወርዶ ነበር። ለቻርጅ ማመጣጠኛ የምትወጣዋ ባለ ሦስት ሽቦ ነጭ ሶኬት ውስጥ መሐለኛው ሽቦ የአንደኛው ሴል ነው። ከእሱ 10 ኪሎ ኦም፣ ወደ ግራውንድ ሌላ 10 ኪሎ ኦም፣ መጋጠሚያው ወደ ፒን 35። 4.2 ቮልት በግማሽ 2.1 ይሆናል። ይህን በሁለት ስታባዙ አንደኛው ሴል፣ ከጠቅላላው ላይ ስትቀንሱት ሁለተኛው ሴል። የሶኬቷ ሽቦዎች ተጠጋግተው ስለሚተኙ አንዱን በይዳችሁ በላስቲክ ሳትሸፍኑ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ሊፖ ሾርት ሲያደርግ ሽቦ ያቀልጣል። ባትሪውን ሰክቶ መበየድማ ጨርሶ አይታሰብ።

አሁን ንባቡን ማስተካከል። የአርዱዊኖው ጥቅል ውስጥ ንባቡን በሚሊቮልት የሚመልስ ትእዛዝ አለ፤ ፋብሪካ ላይ የተደረገለትን እርማት ስለሚጠቀም ጥሬውን ቁጥር ከሚመልሰው ይሻላል። 16 ጊዜ አንብባችሁ አማካዩን ውሰዱ። ከዚያ በቴስተር ባትሪው ላይ ለኩና አወዳድሩ። ቴስተሩ 8.21 ብሎ ቦርዱ 7.94 ካለ፣ 8.21ን ለ7.94 አካፍሉ፤ 1.034 ይመጣል። ኮዱ ውስጥ ንባቡን በ1.034 ያባዛ። ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ደግማችሁ ለኩ። በሁለቱም ቦታ ልዩነቱ ከ0.05 ቮልት በታች ከሆነ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያው መቼ ይጩህ? ጋዝ ስትሰጡ የባትሪው ቮልቴጅ ላንዳፍታ ይወርዳል፣ ስትለቁ ይመለሳል። ደሴ በጠዋት ብርዱ ሲበረታ መውረዱ ይብሳል፤ ሊፖ ሲቀዘቅዝ የውስጥ ተቃውሞው ስለሚጨምር ነው። ዳገት ሲጨመርበት ደግሞ ገና ሙሉ የሆነ ባትሪ ያለቀ ይመስላል። ስለዚህ ባዘሩ በአንድ ንባብ አይጩህ። ከሁለቱ ሴሎች ደካማው ለ2 ሴኮንድ ያህል ሳያቋርጥ ከ3.5 ቮልት በታች ከቆየ ይጩህ፤ ከ3.3 በታች ከወረደ ሳያቋርጥ ይጩህ፣ እናንተም መኪናዋን ወዲያው አቁሙ። የኢኤስሲውንም ማስተካከያ ሊፖ ላይ አድርጉት፤ ይሄኛው መለኪያ የእሱ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

ሙቀት፣ የደሴ ጉዳይ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ይህን ያህል መውረድ ለሞተር ትርጉም አለው። አየሩ በደሴ ከፍታ ከባሕር ዳርቻው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው፣ በኮምቦልቻ 83 በመቶ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሚነካው አየር ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳ መጠን ሙቀቱን የሚያነሳለት ይቀንሳል። ብርድ ስለሆነ ሞተሩም ይቀዘቅዛል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ከጦሳ ግርጌ ባሉት ዳገቶች ላይ፣ ፍጥነት ሳይኖራት ሙሉ ጋዝ የምትገፋ መኪና ሜዳ ላይ ከምትሮጠው ይልቅ ቶሎ ትግላለች። አምፒሩ ይበዛል፣ ነፋሱ የለም።

ዲኤስ18ቢ20ን የሞተሩ ቆዳ ላይ አስጠጉት። ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሰዎች ፕሮሰሰር ላይ የሚቀቡት ነጭ ቅባት አለ፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል በመካከሉ አድርጋችሁ ሙቀት በሚችል ቴፕ አስሩት። ናስትሮ ለዚህ አይሆንም፤ ሲግል ሙጫው ይቀልጥና መለኪያው ይንሸራተታል። ሦስት እግር አለው። ኃይሉን ከ3.3 ቮልት ስጡት፣ መሐለኛውን እግር ወደ ፒን 4፣ 4.7 ኪሎ ኦሙን በመሐለኛው እግርና በ3.3 ቮልቱ መካከል። ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ እናንተ ሲሆን ግራው ግራውንድ ነው። ገልብጦ የሰካ ሰው ጣቱ ሲቃጠል ያውቀዋል።

እዚህ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስገጥመው ፍጥነቱና ቮልቴጁ በየሴኮንዱ እየቆመ ይሄድ ነበር። ሽቦ ስፈትሽ ሁለት ማታ አለፈ። ጥፋቱ ሽቦው ላይ አልነበረም፦ ይህ መለኪያ በሙሉ ጥራቱ አንዴ ለመለካት 750 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል፣ እኔ የተጠቀምኩበት ትእዛዝ ደግሞ እስኪጨርስ ሌላውን ሁሉ አቁሞ ይጠብቃል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ጥራቱን ወደ 9 ቢት አውርዱት፣ 94 ሚሊሴኮንድ ብቻ ይበቃዋል፤ ወይ ለካ ብላችሁ ትታችሁት ሂዱና ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ተመልሳችሁ ውጤቱን ውሰዱ። ሁለተኛው ይሻላል። ባዘሩ 70 ዲግሪ ላይ እንዲጮህ አድርጉ። ቆዳው 70 ሲል ውስጡ ከዚያ በላይ ግሏል።

ፍጥነት

ማግኔቷን ከፊት ጎማ ቸርኬ ውስጠኛ ገጽ ላይ በሱፐር ግሉ ለጥፉ። ለምን የፊት? መኪናችሁ በኋላ ጎማ የምትነዳ ከሆነ የኋላው ጠጠር ላይ ሲከንፍ ሳይሄድ ይሽከረከራል፤ የፊቱ የሚዞረው መኪናዋ በእውነት ስትሄድ ብቻ ነው። በተቃራኒው ጎን በክብደት የምትመጣጠን ትንሽ ብረት ለጥፉ፣ አለዚያ ጎማው እየተንቀጠቀጠ ኩሽኔቱን ይበላል። ኤ3144ን ከማግኔቷ 3 ሚሊሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ከመሪው ክንድ ጋር እሰሩት፤ ሻንሲው ላይ ብታስሩት ጎማው ሲታጠፍ ይርቃል።

ይህ መለኪያ ከ4.5 ቮልት በታች አይሠራም፣ ስለዚህ ኃይሉን ከ5 ቮልቱ ስጡት። የሚያወጣው እግር ግን ራሱ ቮልቴጅ አያወጣም፣ ወደ ግራውንድ ይጎትታል እንጂ፤ ስለዚህ 10 ኪሎ ኦሙን ከ3.3 ቮልት ወደዚያ እግር አድርጋችሁ ወደ ፒን 27 ብታስገቡት ቦርዱ አይጎዳም። ጎማውን ስታዞሩ ምንም ካልመጣ ማግኔቷን ገልብጡ፤ አንደኛውን ገጽ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ በሱፐር ግሉ ከመለጠፋችሁ በፊት በናስትሮ ሞክሩ።

የጎማውን ዙሪያ በስሌት አታውጡት። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ መኪናዋን ሲሚንቶ ላይ ቀስ እያላችሁ 10 ዙር ግፏት፣ የሄደችውን በሜትር ለክታችሁ ለ10 አካፍሉ። ለምሳሌ 2.04 ሜትር ከሄደች አንድ ዙር 0.204 ሜትር ነው። ፍጥነት ማለት 0.204ን በሁለት ምቶች መካከል ላለፈው ሴኮንድ አካፍሎ በ3.6 ማባዛት ነው፤ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይመጣል። በዚህ ጎማ 60 ኪሎ ሜትር ብትበሩ እንኳ በምቶች መካከል 12 ሚሊሴኮንድ ይኖራል። ስለዚህ ከ4 ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ የመጣ ምት ሁሉ የሞተር ረብሻ ነውና ኮዱ ይጣለው። አንድ ሴኮንድ ሙሉ ምት ካልመጣ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ይህን ያልጻፈ ሰው መኪናዋ ቆማ 18 እያለ የሚቀር ማሳያ ያያል።

ረብሻው ከበዛ ሞተሩን እዩት። ባለ ብሩሽ ሞተር ሦስት ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ እግር ወደ ቆርቆሮው አንድ አንድ፣ በሁለቱ እግሮች መካከል አንድ። የመለኪያ ሽቦዎችን ደግሞ እንደ ገመድ ገምዷቸው፣ ከሞተሩም አርቋቸው።

መላክና መቀበል

ለመላክ ብዙ ሰው የሚመርጠው ቦርዱን ዋይፋይ አድርጎ በስልክ ማየትን ነው። ያምራል፤ ግን ሪሞት በሁለት እጅ ይዛችሁ ስልክ የት ታደርጋላችሁ? ዓይናችሁ ከመኪናዋ ላይ ከተነሳ ደግሞ ያለመለኪያ ስትነዱ ከነበረው ይብሳል። ለዚህ ነው ሁለተኛ ቦርድና ባዘር ያልኳችሁ። ሪሞቱ ጀርባ ላይ ይታሰራል፣ ከስልክ ፓወር ባንክ ኃይል ይወስዳል፣ የሚያሳስብ ነገር ሲኖር ይጮሃል። ትንሽ ማሳያ ብትጨምሩበት ጥሩ፣ ባይኖርም አይቀርባችሁም።

ሁለቱ ቦርዶች በኢኤስፒ ናው ይነጋገራሉ። ይህ ቦርዶቹ ያለ ራውተር፣ ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ የሚላላኩበት መንገድ ነው፤ አንድ መልእክት እስከ 250 ባይት ይይዛል፣ የእኛ 20 ባይት አይሞላም። ተቀባዩ ቦርድ ላይ ማክ አድራሻውን (የቦርዱን የራሱን መለያ ቁጥር) የሚያሳይ አጭር ኮድ ጭናችሁ አድራሻውን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ላኪው ኮድ ውስጥ አስገቡት። ሁለቱም አንድ ቻናል ላይ ይሁኑ። መልእክቱ ውስጥ ተራ ቁጥር፣ የሁለቱን ሴሎች ቮልቴጅ፣ ሙቀትና ፍጥነት አድርጉ። ተራ ቁጥሩ ምን ያደርጋል አትበሉ፦ ተቀባዩ 41 ካለፈ በኋላ 45 ከመጣለት ሦስት መልእክት በመንገድ እንደጠፋ ያውቃል።

በሴኮንድ 10 ጊዜ መላክ ይበቃል። ሪሞታችሁም እንደ ኢኤስፒ32 በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ መልእክት ባበዛችሁ ቁጥር አየሩን ታጨናንቃላችሁ። ቦርዱን ከሪሲቨሩ በተቻለ መጠን አርቁ፣ አንቴናዋ ያለችበት ጫፍ ከብረትና ከባትሪ ነፃ ይሁን።

የኮዱ አጥንት ቀላል ነው። ዑደቱ የትም አይቆምም። በየ20 ሚሊሴኮንዱ ቮልቴጅ ያነብባል፣ በየ100ው መልእክት ይልካል፣ በየሴኮንዱ ሙቀት ይወስዳል፤ የማግኔቷን ምት በማቋረጫ (ምቱ ሲመጣ የያዘውን ሥራ ላንዳፍታ አቋርጦ) ይቆጥራል። “ይህን ያህል ጠብቅ” የሚል ትእዛዝ በውስጡ አይኑር፤ ሰዓቱን እያየ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ይሥራ። ተቀባዩ ላይ ደግሞ አንድ ሴኮንድ መልእክት ከጠፋ ባዘሩ በሌላ ድምፅ ይጩህ። ዝምታ ሁሉ ደህና ነው ማለት እንዳይመስላችሁ።

ማሰርና መሞከር

ለሙከራ የምንጠቀምባቸው ተሰኪ ሽቦዎች መኪና ላይ አይሆኑም፤ በመጀመሪያው ጠጠር ይነቀላሉ። በይዱ። ቦርዱን ስፖንጅ ላይ አስቀምጣችሁ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ፤ በላስቲክ ከረጢት ሸፍኑት፣ ለሽቦዎቹ መውጫ ከታች በኩል ብቻ ይኑር። የደሴን ጭጋግና የክረምት ጭቃ የምታውቁ ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ከዚያ መኪናዋን ድንጋይ ላይ ጎማዎቿ አየር ላይ እንዲሆኑ አድርጋችሁ አስነሱ። መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ እያዞራችሁ፣ ጋዝ እየሰጣችሁ ለ5 ደቂቃ አቆዩአት፤ የተራ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ቦርዱ ጠፍቶ ተነስቷል ማለት ነውና ወደ ካፓሲተሩ ተመለሱ። የፊት ጎማውን በእጅ አዙሩት፣ ፍጥነት ሊያሳይ ይገባል። ቀጥሎ ቴሌሜትሪው በርቶ የሪሞቱን ርቀት ሞክሩ፦ አንድ ሰው መኪናዋን ከፍ አድርጎ ይያዛት፣ እናንተ መሪውን ያለማቋረጥ እያወዛወዛችሁ ራቁ። መሪው መንቀጥቀጥ የሚጀምርበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያም ቦርዱን አጥፍታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ቦርዱ ሲበራ ርቀቱ በጣም የሚያጥር ከሆነ ቦርዱ ወደ ሪሲቨሩ ቀርቧልና አንቀሳቅሱት፣ ቻናሉንም ቀይሩ። ይህን ሳታደርጉ ሜዳ አትውጡ። በዚያው ሪሞቱን አጥፍታችሁ መኪናዋ ጋዝ ማቆሟን እዩ።

የመጀመሪያው መንዳት ሰፊና ሰው በሌለበት ሜዳ ይሁን። ኮምቦልቻ ዋናው አስፋልት የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ዳሩም አይሆንም። ልጆች ከተሰበሰቡ፣ መሰብሰባቸው ደግሞ አይቀርም፣ ከኋላችሁ አስቁሟቸው። አንድ ባትሪ በሜዳ፣ አንድ ባትሪ በዳገት ንዱ፤ ተቀባዩ የሚደርሰውን ሁሉ እንዲመዘግብ ካደረጋችሁት በ20 ባይት፣ በሴኮንድ 10 ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ከ1 ሜጋ ባይት በታች ነው። ማታ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ሙቀቱ ከቆማችሁ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ውስጡ ያለው ሙቀት ወደ ቆዳው እየወጣ ነው። ስለዚህ ባትሪ ቀይራችሁ ወዲያው አትቀጥሉ፤ ሞተሩ ወርዶ 40 እስኪል ሻይ ጠጡ።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን መስመር ሲያይ “ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነዋ የገደልነው” ብሎ ጣቱን ያሳረፈው ሁለተኛው ሴል ብቻውን ወደ ታች የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነበር። አሁን ባዘሩ ሲጮህ “አብሽር፣ ሰምቻለሁ” ይለዋል፣ መኪናዋንም ራሱ ነው የሚያቆመው።

ስትጨርሱ ባትሪውን ሁልጊዜ ከመኪናዋ ንቀሉት፣ ነጯንም ሶኬት ጭምር። የገጠምናቸው ሬዚስተሮች መኪናዋ ጠፍታም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ይጠጣሉ፤ አንደኛውን ሴል ደግሞ ከሁለተኛው እጥፍ ያህል፤ ለሳምንታት ከተዋችሁት ሊዛባ ይችላል። ለብዙ ቀን የማትነዱ ከሆነ እያንዳንዱን ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ አድርጋችሁ፣ ክዳን ባላት የብረት ጣሳ ውስጥ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ርቆ አስቀምጡት። ቻርጅ ስታደርጉም መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ ቻርጀሩ የቱ ማስተካከያ ላይ እንደተነሳ ሳታዩ ጥላችሁት አትውጡ።